ሰው ሲቆም የምትናገረው ድንጋይ

ኑ እስቲ ልጆቼ፣ ወደኔ ጠጋ በሉ። አንተ ያንን ስልክ ለጊዜው ኪስህ ክተተው፤ የምነግራችሁ ስለ ስልክ ጨዋታ ስለሆነ አትቀየመኝም። ትራስ ያጣ ትራስ ይውሰድ፣ ጀርባውን የሚያመው ግድግዳውን ይደገፍ። ረጅም አይደለም። ቢረዝምም ግድ የለም፤ መሀል ላይ እንቅልፍ ከጣለኝ እናንተ ትቀሰቅሱኛላችሁ።

አንዲት ሴት ነበረች፣ በአውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በድምፅ ማጉያ ስትናገር የኖረች። እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበር ቢባል ሐሰት አይደለም፤ ለሌላው ሰው ሁሉ እትዬ ድምፅ ናት። ፎቁ ላይ ሦስት ጎኗ መስታወት የሆነ ጠባብ ክፍል አለች። እዚያ ትቀመጣለች፤ ከፊቷ አንድ ማይክ፣ አንድ የመነሻ ሰዓት መዝገብ፣ አንድ ቀይ ቁልፍ። ቁልፉን ተጭና «ውድ መንገደኞቻችን» ስትል፣ ታች የሚተራመሰው ሕዝብ ሁሉ ጆሮውን ይቀስራል። በር ቁጥር አራት ካለች በር ቁጥር አራት ነው። ሰው በእጁ የያዘውን ትኬት ተጠራጥሮ እሷን ያምን ነበር።

ጡረታ ስትወጣ ያ ድምፅ መሄጃ አጣ። ብቻዋን ነው የምትኖረው። ጠዋት ጠዋት የሻይ ማንቆርቆሪያው ሲያፏጭ፣ «ውድ ማንቆርቆሪያችን፣ ሰምተንዎታል፣ እባክዎ በትዕግሥት ይጠብቁ» ትለዋለች። ጎረቤት በመስኮት ሰምቶ ይስቃል። እሷም አብራ ትስቃለች፤ ሳቁ ሲያልቅ ግን ቤቱ ተመልሶ ጭር ይላል።

አንዲት ልጅ ነበረቻት። ነበረቻት ስላችሁ አትደንግጡ፤ ልጅቷ በሕይወት አለች፣ ግማሽ ቀን በማይሞላ መንገድ ርቃ ነው የምትኖረው። ስድስት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅም አላት። እትዬ ድምፅ ግን ልጇን በዓይኗ ካየች፣ ድምፅዋንም ከሰማች ሰባት ዓመት አልፏታል። የልጅ ልጇን ደግሞ የምታውቀው በፎቶ ብቻ ነው፤ ያውም ግማሽ ፊቱን ኳስ በሸፈነበት ፎቶ። ምክንያቱን እነግራችኋለሁ፣ አትቸኩሉ።

አንድ ቀን ጠዋት ወፍራም መነጽር ያደረገች ወጣት በሯን አንኳኳች።

«እትዬ፣ እርስዎ ነዎት? የመናኸሪያዋ?»

«እኔ ነኝ የኔ ልጅ። አውቶቡስ አምልጦሽ ከሆነ ግን ጡረታ ወጥቻለሁ።»

ባለመነጽሯ ሳቀች። ሥራዋ ድምፅ መቅረጽ ነው። ለትንንሽ ልጆች የሚሆን የስልክ ጨዋታ በራሳችን ቋንቋ እየተሠራ ነው፣ እርስዎን ነው የምፈልገው አለቻት። በልጅነቷ በመናኸሪያው እያለፈች ነው ያደገችው፤ ያ ድምፅ ከጆሮዋ አልወጣም።

«ምን ዓይነት ጨዋታ ነው? የሚታኮሱበት ከሆነ እኔ የለሁበትም» አለች እትዬ ድምፅ።

«ኧረ በፍጹም! ጃንጥላ የያዘ አንድ ልጅ አለ። በሸለቆው ውስጥ ከሰማይ የወደቁ ግልገል ደመናዎች ተበትነዋል። ልጁ እነሱን እየሰበሰበ ተራራው ላይ ወዳለችው እናታቸው ይመልሳቸዋል። ይኸው ነው።»

«ማነው የሚገድለው?»

«ማንም።»

«ወንዝ ውስጥ ቢወድቅስ?»

«ኤሊ አዝላ ታወጣዋለች።»

«አውሬስ የለም?»

«አንድ ዘንዶ አለ፣ ግን ጎመን ነው የሚበላው።»

«አሄሄ! ይሄ አገር የት ነው፣ ጡረታዬን እዚያ ላስተላልፈው!» አለችና ሳቀች። «እኔስ ምኑ ነኝ? ዘንዶው ነኝ እንዳትይኝ።»

«እርስዎ የመንገድ ዳር ድንጋይ ነዎት።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግዬ ድንጋይ!»

«የምትናገር ድንጋይ ናት እትዬ። ልጁ መንገድ ሲጠፋው ወዴት መሄድ እንዳለበት የምትነግረው እሷ ናት።»

እትዬ ድምፅ ሳቋን ዋጠችው። እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

«ይሄ ጨዋታ» አለች ኋላ፣ ቃሏን እየመረጠች፣ «ሩቅ ከተማ ያለ ልጅም ያገኘዋል?»

«ስልክ ያለው ሁሉ ያገኘዋል።»

«ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ?»

«በትክክል ለእሱ ነው የተሠራው።»

በቃ። እትዬ ድምፅ ነጠላ ጫማዋን ስታወልቅ፣ የክት ጫማዋን ስታጠልቅ አየቻት ባለመነጽሯ፤ መልሱን ሳትሰማ ገባት።

መቅረጫው ቤት ከአንድ መጋዘን ጀርባ የተከራዩት ክፍል ነው። ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች በፍራሽ ስፖንጅ ለብጠውታል፣ በሩ ላይ ሁለት ብርድ ልብስ ተደርቦ ተሰቅሏል። ቀረጻ ሲጀመር የጎረቤቱ ፍሪጅ እንዲነቀል ይለመናል፤ ማጉረምረሙ ይገባልና። እትዬ ድምፅ የምትናገረው በወረቀት ተጽፎ ቁጥር ተሰጥቶታል፣ ሃያ አራት ንግግር ነው። እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ ነው የምትለው፤ አንዴ ለወንድ «ሂድ» ብላ፣ አንዴ ለሴት «ሂጂ» ብላ። ተጫዋቹ ሲጀምር ባለጃንጥላው ወንድ ይሁን ሴት ብሎ ይመርጣልና።

«ልጄ፣ አይዞህ። በስተቀኝ ያለው መንገድ ነው። እኔ እዚሁ ነኝ።»

«አሁን ለሴቷ» ትላለች ባለመነጽሯ ከመስታወቱ ማዶ።

«ልጄ፣ አይዞሽ…» ትልና ድምፅዋ ይሰበራል። ውኃ ትጠጣለች። እንደገና ይጀመራል። ለወንዱ ስትናገር ያንን ኳስ የሸፈነውን ፊት እያሰበች ነበር፣ እሱ ቀላል ነው፣ በምኞት የተሞላ ነው። ለሴቷ ስትናገር ማንን እንደምታስብ ለማንም አልተናገረችም።

እስከ አሥራ ስድስተኛው ድረስ እንዲህ እያሉ ሄዱ። አሥራ ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ እትዬ ድምፅ ወረቀቱን አየችው፣ አራቀችው፣ አቀረበችው፣ ከዚያ አስቀመጠችው።

«ይሄንን አልልም።»

ባለመነጽሯ ግራ ገባት። ወረቀቱ ላይ ያለው፣ «በግራ በኩል ሂድ… ሃሃ! ሸወድኩህ፣ በቀኝ ነው!» የሚል ነው።

«እትዬ፣ ቀልድ እኮ ነው! ልጆቹ ይስቁበታል።»

«ሳቁን ሌላ ቦታ ፈልጊላቸው።»

«አንድ መስመር ነች እኮ…»

«አንድ መስመር!» አለች እትዬ ድምፅ። «እኔን ምን እንዳሳጣኝ ታውቂያለሽ፣ አንድ መስመር?»

እዚያው ስፖንጁ ውስጥ፣ ማይኩ እንደተከፈተ፣ ነገረቻት። እኔም ለእናንተ የምነግራችሁ ይህንኑ ነው።

ልጇ ያደገችው በዚያች የመስታወት ክፍል ውስጥ ነው፣ ከጠረጴዛው ሥር። ፊደል የለየችው ከመነሻ ሰዓት መዝገቡ ላይ ነው። ካደገች በኋላ አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ወደደች። እትዬ ድምፅ ሰውየውን ዓይኑን ላፈር አለች። «ቀኑን ሙሉ መሬት ሥር የሚውል ሰው ልጄን የት ሊያኖራት ነው?» እያለች ትቆጣ ነበር። ልጅቷ ደግሞ እንደ እናቷ ናት፤ አንዴ ከወሰነች ወሰነች። ሰውየው በሚሠራበት ከተማ ማዘጋጃ ቤት ሊፈራረሙ ቀን ቆረጡ። በማግስቱ ማለዳ እሱ ከቁፋሮ ቡድኑ ጋር ወደ ሩቅ ሥራ ስለሚሄድ፣ ቀኑ የሚዘዋወር አልነበረም። ወደዚያ የሚሄደው አውቶቡስ ደግሞ በቀን አንድ ብቻ ነው።

ያን ቀን አውቶቡሱ በር ቁጥር ሁለት ላይ ቆሞ ሞተሩን አስነስቷል። መንገደኛው ሁሉ ተሳፍሯል። የቀረ አንድ ሰው ነው። እትዬ ድምፅ ከላይ በመስታወቱ ስታይ፣ ልጇ ሻንጣ ይዛ በዋናው በር እየሮጠች ገባች። ዘግይታለች። መሀል ላይ ቆመች፣ ወዲያና ወዲህ አየች፣ ከዚያ ቀና አለች፤ ወደ ክፍሉ ሳይሆን ወደ ድምፅ ማጉያው። የመጨረሻውን ጥሪ እየጠበቀች ነበር።

እትዬ ድምፅ ቀዩን ቁልፍ ተጫነችው። «የመጨረሻ ጥሪ» አለች፣ «በር ቁጥር ዘጠኝ።»

በር ቁጥር ዘጠኝ ከሕንፃው ጀርባ ነው፣ ጋራዡ ጋ። ልጅቷ ሳትጠይቅ፣ ሳትጠራጠር ወደዚያ ሮጠች። አውቶቡሱ ከበር ቁጥር ሁለት ወጣ። እናትየዋ ከላይ ሆና ሁለቱንም አየች።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏችኋል ይሄ ነው። ሰውየው ማዘጋጃ ቤቱ ደጅ እስኪዘጋ ድረስ ጠበቀ። በማግስቱም አልሄድም ብሎ ጠበቀ። የቁፋሮ ቡድኑ ጥሎት ሄደ፣ ሥራውን ሌላ ሰው ያዘው። ልጅቷ ግን በማግስቱ በጭነት መኪናም ቢሆን ደረሰች፣ ተጋቡም። ከመሄዷ በፊት ወደ መስታወቱ ክፍል ወጥታ ነበር። አልጮኸችም። ቢጮሁ ይሻላል አንዳንዴ።

«ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ እኮ ደግሜ እጠይቅ ነበር» አለቻት። «አንቺን ግን መቼ ጠይቄሽ አውቃለሁ?»

ያ ነበር የመጨረሻው ቃሏ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ እትዬ ድምፅ ስንት ጊዜ ሰው ብትልክ፣ ስንት ደብዳቤ ብታጽፍ መልስ አልመጣም።

ባለመነጽሯ መነጽሯን አውልቃ በሸሚዟ ጫፍ ጠረገችው። ብዙ ጠረገችው። ከዚያ እስክሪብቶ አንሥታ አሥራ ሰባተኛውን መስመር ሰረዘች።

«ድንጋይዋ ብታስነጥስስ?» አለች። «ልጆች ማስነጠስም ያስቃቸዋል።»

ማስነጠሱ ታዲያ ቀላል እንዳይመስላችሁ! እትዬ ድምፅ ሠላሳ አንድ ዓመት ማይክ ላይ እንዳታስነጥስ ስትጠነቀቅ የኖረች ሴት ናት፤ አሁን አስነጥሺ ስትባል እንቢ አላት። አሥራ አንድ ጊዜ ሞከሩ። በመጨረሻ ባለመነጽሯ ብርድ ልብሱን ስታራግፍ አቧራው ገባላትና፣ ስፖንጁን ሁሉ የሚያናጋ ማስነጠስ መጣ። በጨዋታው ውስጥ ያለው ያ ነው። ለወንዱም ለሴቷም አንድ ነው።

አሁን ወንድሟን ላስተዋውቃችሁ። ታናሽ ወንድሟ ነው፣ ጎማ ጠጋኝ፤ ሁሉም ሰው ጎሚስታው ነው የሚለው። እጁ ሁሌ ጥቁር፣ አፉ ሁሌ ክፍት። መታረቅም መጣላትም አያውቅም፣ ስለዚህ ሁለቱም ቤት ይገባል። በየወሩ ያገለገለ ጎማ ሊገዛ ወደ እህቱ ልጅ ከተማ ሲሄድ እነሱ ቤት ምሳ ይበላል። ያቺን ኳስ የሸፈነቻትን ፎቶም ያነሣት እሱ ነው፤ ፎቶ ማንሣት እንደማይችል ደግሞ ፎቶው ራሱ ይመሰክራል።

ጨዋታው ሲወጣ እትዬ ድምፅ ጠራችው። «በልጁ ስልክ ላይ ጫንለት። ደስ የሚል ጨዋታ ነው በል። ሌላ አትበል።»

«እናቱስ ትወቅ?»

«ሌላ አትበል አልኩህ እኮ።»

ጎሚስታው ሄደ። አራት ቀን ቆይቶ ተመለሰ። እትዬ ድምፅ በረንዳው ላይ ሆና ገና ከሩቅ፣ «እሺ?» አለችው።

«እስቲ ልቀመጥ እታለም! ጫንኩለት። ወደደው። አበደ በይው። በሁለት ቀን ጨረሰው።»

«ጨረሰው?»

«ደመናዎቹን አንድ ሳያስቀር ሰብስቦ ተራራ ላይ አደረሳቸው። አሁን ደግሞ እንደገና ጀምሯል።»

«እና… ምን አለ? ስለ ድንጋይዋ?»

ጎሚስታው ጭንቅላቱን አከከ። «የምን ድንጋይ?»

እትዬ ድምፅ ቁጭ አለች። ስልኩን ተቀበለችው፣ ወንድሟ በራሱም ላይ ጭኖት ነበርና እያሳያት ሞከረችው። ባለጃንጥላው ልጅ በሷ እጅ ውስጥ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፣ ኤሊዋ ሦስት ጊዜ ከወንዝ አወጣችው። በመጨረሻ መንታ መንገድ ላይ፣ ሽበት በመሰለ ሣር የተሸፈነችው ድንጋይ ጋ ደረሰ። ድንጋይዋ ዝም። እትዬ ድምፅ ጠበቀች። ዝም። ስልኩን ነቀነቀችው። ዝም። ተስፋ ቆርጣ ልታስቀምጠው ስትል፣ ከስልኩ ውስጥ የራሷ ድምፅ «ልጄ፣ አይዞህ» አለ።

ወዲያው ባለመነጽሯ ዘንድ ደወለች።

«የኔ ልጅ፣ አፌን ምን አሰረው?»

«አልታሰረም እትዬ፣ ልጁ አንድ ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ ከቆመ ነው የሚናገሩት። ያኔ ጠፍቶበታል ማለት ነው። የማይፈልገውን ልጅ እንዳንረብሸው ብለን ነው።»

«አንድ ደቂቃ ሙሉ! አንድ ደቂቃ የሚቆም ልጅ የት አይተሻል?»

«ጨዋታው ቀላል ነዋ እትዬ» አለች ባለመነጽሯ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ለትንንሾቹ ብለን በጣም አቀለልነው። እውነቱን ልንገርዎት? ብዙዎቹ አይጠፉም።»

እስቲ አስቡት ልጆቼ። አንዲት አያት የልጅ ልጇ መንገድ እንዲጠፋው ስትመኝ! በጥቂቱ፣ ለአንዲት ደቂቃ፣ ጎመን የሚበላ ዘንዶ ባለበት አገር ብቻ። ራሷ በምኞቷ አፈረች። ግን ተመኘች። ልጁ ከፊቷ እየሮጠ ሲያልፍ ይታያታል፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አሥር ጊዜ፤ ጃንጥላውን ከፍቶ፣ ደመናዎቹን አስከትሎ፣ እሷ ደግሞ መንገድ ዳር አፏን ይዛ።

«ቀላል ነው» አለ ጎሚስታው። «በሚቀጥለው ወር ስሄድ፣ ልጁ ድንጋይዋ ጋ ሲደርስ ስልኩን ቀማ አደርገዋለሁ። ‹ቆይ አጎትህ ይሞክር› እለዋለሁ። የጫማዬን ክር እስካስር ደቂቃው ይሞላል። አንቺ ትናገሪያለሽ። እናቱ ጓዳ ናት፣ አትሰማም።»

«ጫማህ ክር የለውም።»

«ክር ያለው እገዛለኋ!»

እትዬ ድምፅ ሳቀች፣ ከዚያ ደግሞ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እንዴት እንደፈለገችው!  ምን ችግር አለው? አንዲት ደቂቃ ናት። ማንም አይጎዳም። ልጁ «አይዞህ» የሚለውን ቃል ከአያቱ አፍ ይሰማል፣ የማን እንደሆነ ባያውቅ እንኳ።

«እናቱ ጓዳ ናት፣ አትሰማም» ብላ የወንድሟን ቃል ደገመችው፣ ቀስ ብላ። «አይ። እንደሱ አይሆንም።»

«ለምን?»

«ከሷ ጀርባ አንድ ጊዜ ሄጃለሁ። ይበቃኛል። አሁን የምልህን ቃል በቃል ትነግራታለህ። ስማኝ። ‹በዚያ ጨዋታ ውስጥ የእኔ ድምፅ አለ። እኔ ነኝ የላኩት፣ ሳልነግርሽ መላኬ ጥፋት ነው። ልጁ እስካሁን አልሰማውም። ካልፈለግሽ አጥፊው፤ አልቀየምም።› ድገመው።»

ጎሚስታው ጉሮሮውን ጠረገ። «በጨዋታው ውስጥ እህቴ አለች…»

«እህቴ አላልኩህም! ድምፅ ነው ያልኩህ!»

«ድምፅ አለ። እሷ ነች የላከችው። ካልፈለግሽ አጥፊው። አትቀየምም።» እዚህ ላይ ቆመና እህቱን አያት። ቀልዱ ከፊቱ ጠፋ። «እታለም፣ ይቺን የመጨረሻዋን ግን ባልላት ይሻላል። አልቀየምም ማለት… ማነሽና አንቺ ነሽ የምትቀየሚው?»

እትዬ ድምፅን የገዛ ወንድሟ በጥፊ ቢመታት እንዲህ አይሰማትም ነበር። ልትቆጣ አፏን ከፈተች። ዘጋችው።

«ልክ ነህ» አለች። «እሷን አውጣት። ‹ብታጠፊውም ልክ ነሽ› በላት።»

እንግዲህ መጠበቅ መጣ። መጠበቅን ለእናንተ ምን ብዬ ላስረዳችሁ? በመናኸሪያው ሠላሳ አንድ ዓመት ሌላ ሰው ሲጠብቅ ከላይ ሆና አይታለች፤ ሻንጣው ላይ የሚቀመጠውን፣ የሚንጎራደደውን፣ በየአምስት ደቂቃው መጥቶ «ደረሰ ወይ?» የሚለውን። አሁን ሦስቱንም ራሷ ሆነች። ስልኳን የተሻለ ኔትወርክ ያለበት መስኮት ላይ፣ ድምፁ እንዲጎላ ባዶ ጣሳ ውስጥ አቁማ አስቀመጠችው። ገላዋን ስትታጠብ በሩን አትዘጋም። የማንቆርቆሪያውን ፉጨት እንኳ ጥሪ እንዳይውጥባት ገና ሳያፏጭ ታወርደዋለች፤ የምትጠጣው ሻይ ለብ ያለ ሆነ። አንድ እሑድ አለፈ። ጎሚስታው ወሩን ሳይጠብቅ ሄዶ «ነግሬያታለሁ፣ ምንም አልመለሰችም፣ ሳህን እያጠበች ነበር፣ ማጠቧን ቀጠለች» ብሎ መጣ። ሁለተኛው እሑድ አለፈ። በመሀሉ ስልኩ ሁለት ጊዜ ጮኾ፣ አንዱ በስሕተት፣ አንዱ ባለመነጽሯ ደህንነቷን ልትጠይቅ ነበር። ሁለቱንም እንዴት ተንደርድራ እንዳነሣች ጣሳው ይናገር።

በሦስተኛው እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ የማታውቀው ቁጥር ደወለ።

«ሃሎ?»

መልስ የለም። ትንፋሽ ብቻ፣ ቶሎ ቶሎ የሚል ትንፋሽ።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?»

«አንቺ ነሽ ድንጋይዋ?» አለ የልጅ ድምፅ።

እትዬ ድምፅ የመስኮቱን ደፍ ያዘች።

«እኔ ነኝ።»

«እስቲ አስነጥሺ።»

«አሁን… አሁን አልመጣልኝም የኔ ጌታ።»

«እሺ» አለ፣ ቅር እያለው። ከዚያ ተያያዘው፦ «እማዬ ትናንት ልጫወት አለች። ተጫውታ አታውቅም እኮ። ሴቷን መረጠች። ከዛ መንታው መንገድ ጋ ስትደርስ ቆመች። ሂጂ ሂጂ እላታለሁ፣ አትሰማም። ደመናዎቹ እላይዋ ላይ ተኝተውባታል፣ እሷ ዝም ብላ ቆማለች። ከዛ አንቺ አወራሽ። በስተቀኝ ነው አልሻት። ከዛ እማዬ በስተቀኝ ሄደች።»

«ከዚያስ?»

«ትክክል ነበር። መንገዱ ያደርሳል። ደርሳ ግን ተመልሳ መጣች! እንደገና ቆመች። እንደገና አወራሽ። እንደገና ሄዳ አየችው። ድስቱ እስኪያርር እንደዚህ ነበር ያደረገችው። እኔ እንደዛ አድርጌ ብጫወት ትቆጣኝ ነበር።»

እትዬ ድምፅ ስልኩን ይበልጥ ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው። 

«‹ይቺ ማን ናት?› ስላት» ቀጠለ ልጁ፣ «‹እናቴ ናት› አለችኝ። ግን አያትህ ሩቅ አገር ናት ብላኝ ነበር። እዛ ድንጋይ ውስጥ ነው እንዴ የምትኖሪው?»

«ኖሬ ነበር» አለች እትዬ ድምፅ። «ትንሽ ጊዜ።»

«ለምንድነው ግን ሰው ሲጠፋበት ብቻ የምታወሪው? እኔ አልጠፋም፣ ጎበዝ ነኝ። ስላልጠፋሁ አታናግሪኝም እንዴ?»

ምን ትበለው? ወረቀት ላይ የተጻፈላት የለም። ቁጥር የተሰጠው መስመር የለም።

«ከእንግዲህ ዝም ብለህም አናግርሃለሁ» አለች። «ጎበዝ መሆንህን አጎትህ ነግሮኛል። ከሁሉም ደመና የትኛዋን ትወዳለህ?»

«ትንሿን፣ የምታነክሰዋን።»

ስለምታነክሰዋ ደመና ብዙ ነገራት። ኋላ እሷ ፈራ ተባ እያለች፣ «እማዬ አጠገብህ ናት?» አለችው።

«አዎ። ልብስ እያጠፈች ነው። አንዷን ሸሚዜን ብቻ ደጋግማ እያጠፈች ነው።»

«እስቲ… ታናግሪኛለሽ ወይ በላት።»

እጁ የስልኩን አፍ ሸፈነው። የታፈነ ንግግር ተሰማ፤ የልጁ፣ ቀጥሎም የሌላ ሰው። ቃሉ አይለይም። እትዬ ድምፅ ግን ቃል አላስፈለጋትም፤ ያንን ድምፅ በሺህ ሰው ጫጫታ መሀል ብትሰማው ታውቀዋለች።

እጁ ተነሣ። «አሁን አልችልም በላት አለች።»

«እሺ» አለች እትዬ ድምፅ። «እሺ የኔ ጌታ። አስቸገርኳት። እንግዲህ ደህና…»

«ቆይ፣ ቆይ! አልጨረስኩም! አልችልም፣ ግን ስልኩን እንዳትዘጋው በላት አለች።»

ከዚያ ልጁ የእናቱን ስልክ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠውና በራሱ ስልክ ሊጫወት ሄደ።

እትዬ ድምፅ በሁለት እጇ ይዛ አዳመጠች። ሸሚዝ ሲራገፍ፣ መሳቢያ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ከቧንቧ ውኃ ሲንጠባጠብ። ልጁ ከወዲያ ማዶ ዘንዶውን ሲቆጣው። ነጠላ ጫማ ወደ ስልኩ ቀረብ ይልና ይቆማል፣ ተመልሶ ይርቃል፣ ደግሞ ይቀርባል። ጨርሶ አይታው የማታውቀውን ቤት በጆሮዋ ዞረችው፤ አልጋው የቱ ጋ እንደሆነ፣ መስኮቱ ወዴት እንደሚከፈት ገመተች። ጆሮዋ ጋለ፣ ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዋ አዛወረች። ትንፋሽዋን እንኳ ቀስ እያደረገች ነበር፣ እዚያ ቤት ያለውን ነገር እንዳታደናቅፍ።

ብዙ ቆይቶ በር ተከፈተ። የከበደ ጫማ ደፍ ላይ ተራገፈ፣ ጭቃ እንደያዘ ያስታውቃል። የወንድ ድምፅ፣ «ይሄ ስልክ ክፍት ነው እንዴ? ማነው?» አለ።

ነጠላ ጫማው ወደ ስልኩ ቀረበ።

«እማዬ ናት» አለች ልጇ። «ተዋት፣ እየሰማች ነው።»

ልጆቼ፣ ከዚያ ወዲያ የሆነውን እኔም በደንብ አላውቅም፤ ሰው ሁሉ የየራሱን ይላል። ይቺን ሴትዮ ግን አደራ፣ አስታውሱልኝ። መስኮቷ ሥር ቆማ፣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ የሰው ቤት ጓዳ ስትሰማ፣ አንድም ቃል ሳትናገር።